ስሙን ስለ ዘነጋው ሰው ጨዋታ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ መጻሕፍት ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ብዙ ወላጆች ስሙን በሰሙ ጊዜ ፊታቸውን ስለሚያጠቁሩበት ነገር ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ ስለሚደረግ ጨዋታ ነው። በቢቸናና በሞጣ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ልጃችን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ሌሊቱን ያነጋዋል፤ በተቈጣነውም ጊዜ ‹ታሪክ እያነበብሁ ነው› ብሎ ይመልስልናል፤ ይህ ነገር እውነት ነውን ወይስ ማታለያ?» ይሉናል።

እኛም ለጥያቄው በወሬ ብቻ መልስ መስጠት ስላልወደድን፣ ወጣቶቹ ከሚያወሱት አንዱን መርጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ ተጫወትነው። በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ ማድረጋችን የቤታችንን ሰዎች ጥቂት አሳቃቸው፤ ነገር ግን ያላዩትን ነገር መከልከልም ሆነ መፍቀድ ለቤት አስተዳዳሪ አይገባም ብለን ታገሥን።

አስቀድሞ የጨዋታውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ኳስ የሚያስመታው፣ መኪና የሚያስነዳው፣ ጠመንጃ የሚያስተኩሰው ብዙ ነው፤ ስለ እነዚህ ዛሬ አንናገርም። ፈረንጆች «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚሉት ዓይነት ግን ተጫዋቹ በአንድ ተረት ውስጥ የአንዱን ሰው ቦታ ይዞ፣ የሚናገረውንና የሚሠራውን ራሱ እየመረጠ የሚሄድበት ነው። ሥሩም እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የባለ ታሪኮቹን ቃል ይናገራሉ፤ የዕድሉንም ነገር ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር በመጣል ይወስናሉ። ኋላ የተራኪውን ቦታ ኮምፒዩተር ወሰደው። በክረምት ማታ እሳት ዳር ተረት ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ሰሚው «እኔ ብሆን እንዲህ እመልስ ነበር» ያለውን በእውነት ለመመለስ መቻሉ ነው።

የመረጥነው ጨዋታ «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት» ይባላል። የሠራው ብላክ አይል ስቱዲዮስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፣ ኢንተርፕሌይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 ለገበያ አወጣው። የነዳፊዎቹ አለቃ ክሪስ አቬሎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቢምዶግ የተባለ የካናዳ ኩባንያ አድሶ እንደ ገና አወጣው። ከ25 ዓመት በላይ የሆነውን ስለ ምን መረጣችሁ የሚለን ቢኖር፣ ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ታሪክ የበዛበት ጨዋታ በተነሣ ቍጥር ከቀዳሚዎቹ መካከል የሚጠራው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛውም ለአገራችን የሚስማማ ምክንያት ነው፤ አሮጌ ስለ ሆነ ለጽሕፈት ብቻ በሚያገለግል ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከገባም በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በውስጡ ያለው ጽሕፈት 800,000 ያህል ቃላት እንደሚሆን ይነገርለታል። ይህም የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ካለው ይበልጣል። እርግጥ አንድ ተጫዋች ሁሉንም አያነበውም፤ አንዱን መልስ ሲመርጥ ሌላው ይቀርበታልና። ሆኖም ከሠላሳ እስከ አርባ ሰዓት የሚያህል ንባብ አለበት። ስለዚህ ልጁ ለአባቱ የሰጠው መልስ ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥ ያነብባል።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። አንድ ሰው በሬሳ ቤት በመደብ ላይ ተጋድሞ ይነቃል። ገላው ሁሉ ጠባሳ ነው፤ ስሙን አያውቅም፤ ከየት እንደ መጣም አያስታውስም። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ አንድ የራስ ቅል ቀርቦ «አለቃ» እያለ ያናግረዋል። ይህ ራስ ቅል ሞርት ይባላል፤ ቀልደኛና ሐሰተኛ ነው፤ በሰውየው ጀርባ ላይ በንቅሳት የተጻፈውን መልእክት የሚያነብለትም እርሱ ነው። ሰውየውን ሞት አይዘውም። ቢገድሉት ተመልሶ ይነቃል፤ ከዚህ በፊት ግን እየነቃ ትዝታውን ሲያጣ ኖሯል። ስለዚህ በዚሁ ገላ ከእርሱ በፊት የኖሩ ሌሎች ሰዎች አሉ ለማለት ይቻላል፤ አንዱ ደግ፣ አንዱ ሰውን ሁሉ የሚጠረጥር እብድ፣ አንዱም ሰውን እንደ ዕቃ የሚጠቀም ጨካኝ ነበር። የዛሬው ሰው የእነዚያን ፍለጋ ይከተላል።

የሚኖርበትም ከተማ ሲጂል ይባላል፤ የበሮች ከተማ ነው። ማንኛውም ቅስት፣ ማንኛውም የመስኮት ክፈፍ ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባ በር ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍተው ቍልፍ ግን ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ቍልፉ ቍራጭ ጨርቅ ወይም ዜማ ወይም አንድ አሳብ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ገዥ አንድም ቃል የማትናገር ሴት ናት፤ የስቃይ እመቤት ይሏታል፤ ነገር ግን ሁሉም ይፈራታል። ዓለም ሁሉ ሞቷል ብለው የሚያምኑ የትቢያ ሰዎች የሚባሉ ማኅበረተኞች ደግሞ አሉ፤ ድሆችን በሕይወት ሳሉ ገንዘብ እየሰጡ ሬሳቸውን አስቀድመው ይገዛሉ። ያረገዘና በመውለድ ላይ ያለ መንገድም አለ፤ ሰፈር ነው የሚወልደው! ይህን ለአንድ ወዳጃችን ብንነግረው «ከተማ መስፋፋቱን መናገሩ ይሆናል» አለን። ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ብርታቱ እንግባ። በዚህ ጨዋታ በጣም ያስደነቀን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባለ ታሪኩ ለሰው መልስ በሚሰጥበት ጊዜ፣ በመልሱ ዝርዝር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቃሉ አንድ ነው፤ በአንደኛው ፊት ግን «እውነት» በሁለተኛው ፊት «ሐሰት» የሚል ምልክት አለ። «ተመልሼ እረዳሃለሁ» የሚለውን ቃል እውነት አድርጎ መናገር ይቻላል፤ ለማታለልም መናገር ይቻላል። የሚሰማው ሰው ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል፤ የተናጋሪው ልብ ግን ይመዘገባል፤ ጠባዩም እንደዚያው ይለወጣል። ሰምና ወርቅ በሚቈጠርበት አገር ላደገ ሰው ይህ በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው። ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው ያስተምራል፤ ይህ ጨዋታ ደግሞ የሁለተኛውን ሆድ ዕዳ ያስከፍላል።

በዚሁ ላይ አንድ ተንኮል ተጨምሮበታል። ስም የሌለው ባለ ታሪክ ስሙን የሚጠይቁትን ሰዎች «አዳን እባላለሁ» ብሎ ሊዋሻቸው ይችላል። ይህን ሐሰት ደጋግሞ ለብዙ ሰው ከተናገረው፣ አዳን የሚባል ሰው ከምንም ተነሥቶ በከተማው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ይገኛል፤ የድሮ ወዳጁም መስሎ ሰላምታ ይሰጠዋል። ሐሰት ሥጋ ለብሶ ሲመጣ ማየት አንድ ምዕራፍ ምክር ከማንበብ ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል። እኛ ይህን ያገኘነው በድንገት ነው፤ ያልዋሸ ተጫዋች ጨርሶ አያየውም። የጨዋታው ሠሪዎች አብዛኛው ሰው የማያገኘውን ነገር ይህን ያህል ደክመው መጻፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የደም ነገር ነው። ባለ ታሪኩ በየደረሰበት ሰው ይቀየመዋል። አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዱ ይሸሸዋል፤ አንዱ ዕዳህን ክፈል ይለዋል። እርሱ አያስታውስም፤ ያደረገው ግን ይኸው እጁ ነው። ዴዮናራ የምትባል ሴት በሬሳ ቤቱ ውስጥ መንፈስ ሆና ትጠብቀዋለች፤ በቀድሞ ዘመኑ አፍቅራው ነበር፤ ጨካኙ «እርሱ» ፍቅሯን ለጥቅሙ አውሎ ለሞት አሳልፎ ሰጥቷታል። እየቈየም ከዚህ የባሰ ነገር ይገለጣል፤ እርሱ በሞተ ቍጥር በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው ይሞታል፤ የሞቱትም ጥላ ሆነው ያሳድዱታል። (ይህን አስቀድመን በመግለጣችን ገና ያልተጫወተ ሰው ቅር እንዳይለው እንለምናለን፤ መጨረሻውን አልተናገርንም።)

በጎጃም ምድር ደም የተቃቡ ቤተ ሰቦችን በሽማግሌ ሲያስታርቁ ያየ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ አይቈጥረውም። በሽምግልናው ላይ ገዳዩ «ሰክሬ ነበር፣ አላስታውስም» ቢል ካሣው አይቀርለትም፤ የሟቹ ወገን የሚጠብቀው የገዳዩን ትዝታ ሳይሆን ራሱን ዝቅ ማድረጉን ነውና። ጨዋታው ይህንኑ ጥያቄ ሰዓታት ሙሉ ያንከባልለዋል። ያላስታወስሁትን በደል ልካስ ወይስ «ያ ሌላ ሰው ነበር» ልበል? ብሎ ተጫዋቹ በየጊዜው ራሱ ይመርጣል። ሁለቱንም ሞክረናል፤ ሁለተኛውን መልስ ስንመርጥ የተሰማን እፍረት ከእውነተኛ እፍረት ብዙ የሚለይ አልነበረም።

ሌላው የሚያስመሰግነው የዳኮን ታሪክ ነው። ዳኮን ሽማግሌ ጦረኛ ነው፤ ሰይፉ እንደ አሳቡ ቅርጹን ይለዋውጣል፤ ልቡ በተጠራጠረ ጊዜ ይደነዝዛል። በእጁ ከድንጋይ የተሠራ፣ ቀለበቶቹ እየዞሩ የሚከፈቱ ጽሕፈት አለው፤ በውስጡ የሕዝቡ የጥንት መሪ የዘርቲሞን ታሪክ ተጽፏል። ባለ ታሪኩ ደቀ መዝሙር ሊሆንለት ይችላል። ዳኮን አንዱን ቀለበት ይሰጠዋል፤ ተማሪው አንብቦ ይመለሳል፤ መምህሩም «ምን ተረዳህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የተጻፈውን ብቻ የደገመ አያልፍም፤ ከስሩ ያለውን ምስጢር ያወጣ ብቻ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ከቢቸና ሳንርቅ የዲማ ጊዮርጊስን ጉባኤ ያስታውሷል። በቅኔ ቤት ተማሪው በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እየቈጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ሲበቃውም ወደ ረዣዥሞቹ ያሳልፈዋል። የጨዋታው ሠሪዎች ስለዚህ ትምህርት ሰምተው ነበር ለማለት ምንም ማስረጃ የለንም፤ የመማር መንገድ በየአገሩ መመሳሰሉን ግን እናያለን። ከዚያም የሚያስደንቀው ይመጣል፤ ተማሪው ብልህ ከሆነ መምህሩ ራሱ ከፍቶት የማያውቀውን ቀለበት ይከፍታል፤ እምነቱ የላላበትን ሽማግሌም እርሱ ያስተምረዋል። ይህ ሲሆን አንድም ጦር አይወረወርም፤ ሆኖም ከጨዋታው ሁሉ ድል የሚመስለው ይህ ነው።

ወደ ነቀፌታው ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እንናገር። ጨዋታው ለአንድ ሰው የተሠራ ቢሆንም በቤተ ሰብ ሊደረግ ይቻላል። እኛ የተጫወትነው በክረምት ማታ፣ ቢቸና በሚገኘው በዘመዳችን ቤት ነበር። የቤቱ ልጅ ኮምፒዩተሩን ይይዛል፤ እኛ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስን ጮክ ብለን እናነብባለን፤ ምርጫ በመጣ ጊዜ ሁሉም አሳቡን ይሰጣል። የልጁ አያት መጀመሪያ «ይህ የሬሳ ወሬ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብለው ነበር፤ በሦስተኛው ማታ ግን ቡናውን ከመደቡ አጠገብ አስጠግተው «ያችን ያስለቀሳትን ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቋት ወዴት ትሄዳላችሁ?» ይሉን ጀመር። ልጁም «እሺ እማማ፤ ጋሼ ይመለሱና እንጠይቃታለን» ይላቸው ነበር። በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲያነብ ቤተ ሰብ ሁሉ እንዴት ተሰብስቦ ይሰማ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በመተርጐማችንም አንድ ነገር አስተዋልን። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ዓይነት «ዩ» ይላል። አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ይለያል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባለ ታሪክ መፍረድ ግድ ሆነብን። ሞርት «አለቃ» እያለም ቢሆን «አንተ» ይበል አልን፤ ቀልደኛ ነውና። ዳኮን በመሐላ የታሰረ አገልጋይ ስለ ሆነ «እርስዎ» እንዲል አደረግነው፤ መምህር በሚሆንበት ሰዓት ግን «አንተ» ማለት ይገባዋል። በአንድ ንግግር ውስጥ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲሻገር ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። እንግሊዝኛው ያልነበረውን ጌጥ አማርኛችን ጨመረለት ብንል አልተመጻደቅንም።

እንግዲህ ነቀፌታው። የመጀመሪያውና ለእኛ ከሁሉ የከበደው ቋንቋው ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጂ አላየንም። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ መዝገበ ቃላት ይዞ እገባዋለሁ ቢል እንኳ አይሳካለትም፤ የሲጂል ሰዎች የሚናገሩት ከጥንት የእንግሊዝ ሌቦችና ወሮበሎች የምስጢር ቋንቋ የተወሰደ ነውና። «ዳርክ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት «ጨለማ» ይለዋል፤ እዚያ ግን ምስጢር ማለት ነው። «ጂንክ» ገንዘብ ነው፤ «በርክ» ሞኝ ነው፤ «ባርሚ» እብድ ነው፤ «በሙታን መጽሐፍ ገባ» ሲሉም ሞተ ማለታቸው ነው። የእኛም አገር አዝማሪዎች ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት ቃል አላቸው፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች መዝግቧል። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሊማር መጥቶ በአዝማሪ ቃል ቢጀምሩለት ምን ይሰማው ነበር? የሞጣ ልጅም የሚሰማው ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓታት ተስፋ ቈርጠው የሚተዉት ብዙዎች ቢሆኑ አንፈርድባቸውም።

ሁለተኛው ነቀፌታ የሚጀምረው ጨዋታው ገና ሳይጀመር ነው። ተጫዋቹ ጕልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጥንካሬ፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ የሚባሉ ስድስት ጠባዮች ይሰጡታል፤ እያንዳንዳቸው 9 ሆነው ይጀምራሉ፤ የሚያከፋፍለው ተጨማሪ ነጥብም 21 ነው። ጀማሪ ሰው ጦርነት ይመጣል ብሎ ለጕልበት ይሰጠዋል። ነገር ግን ጨዋታው በቃል የሚሸነፍ ነው፤ ጥበብና ዕውቀት የሌለው ባለ ታሪክ የሚታዩት መልሶች ጥቂት ናቸው፤ የታሪኩ ግማሽ ይዘጋበታል፤ እንደ ተዘጋበትም አያውቅም። ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ሁሉ ሳያሳየው እንደሚያስፈርመው ሹም ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ትክክል አይመስለንም። ለሚጀምር ሰው የምንመክረው ለጥበብ 9፣ ለዕውቀት 8፣ ለግርማ 4 ነጥብ መጨመር ነው፤ ሃያ አንዱም በዚህ ያልቃል።

ሦስተኛው ጦርነቱ ነው፤ ባይኖር ይሻል ነበር። ባልደረቦቹ በጠባብ መንገድ እርስ በርስ እየተጋፉ መንገድ ይዘጋጋሉ፤ አንዱን ወደ ፊት ቢልኩት ዞሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። ከፍተኛው አስማት በተወረወረ ጊዜ ሁሉ ነገር ይቆምና ረጅም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይታያል፤ አንድ ጊዜ ያስደንቃል፤ በአሥረኛው ጊዜ ግን ሰው ተነሥቶ ቡናውን ያማስላል። ሞት የማይዘው ባለ ታሪክ መሆኑም የውጊያውን ፍርሃት ያሳጣዋል፤ ወድቆ ይነሣልና። ለታሪኩ የሚያምረው ነገር ለጦርነቱ አልበጀውም።

የአሠራሩም አለመመጣጠን ያሳዝናል። በሲጂል ከተማ ውስጥ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ጐዳና፣ እያንዳንዱ ለማኝ የራሱ ታሪክ አለው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሌሎቹ ዓለማት ከተሻገረ በኋላ ግን ንግግሩ ይሳሳል፤ ውጊያው ይበዛል፤ ሠሪዎቹ ጊዜ እንዳጠራቸው ያስታውቃል። ከሞጣ ወደ ጎንደር ምድር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ ያየ ሰው አሳባችን ይገባዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ያ የድንጋይ ድልድይ መካከሉ በጣልያን ወረራ ጊዜ ፈርሶ፣ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን የተሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያ ማዶ በሚስቡት ሰዎች ኃይል ነበር። በዚህም ጨዋታ እስከ መካከሉ ድረስ በጥርብ ድንጋይ ላይ ተራምደን ነበር፤ ከዚያ በኋላ በገመድ ተንጠልጥለን ተሻገርን። በወዲያኛው ማዶ የሚጠብቀው መጨረሻ ግን እንደ ገና ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ያንንም ባላጋራ ያለ ሰይፍ፣ በንግግር ብቻ ለመርታት ይቻላል።

የመብራቱንም ነገር እንጨምር። የተጫወቱት የሚቀመጠው ራስ አስቦ ሲያስቀምጠው ወይም ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር ነው። አንድ ማታ ከዳኮን ጋር ረጅም ንግግር አድርገን ሳናስቀምጥ መብራት ጠፋ፤ ሁለት ሰዓት የሚያህል ድካም ቀረ። በማግሥቱ ያንኑ ንግግር እንደ ገና ስናነብ አያትየው «ትናንት ያላችሁትን ለምን ትደግሙታላችሁ?» ቢሉ መልስ አጣን። ፊደል «ኪው»ን በመጫን በየሩብ ሰዓቱ ማስቀመጥ ይገባል።

ስለ ዕድሜም ተጠይቀን ነበር። ሬሳ፣ ደም፣ የአጋንንት ወገን የሆኑ ሴቶችና ጸያፍ ስድብ አሉበት። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንፈቅደውም፤ ከዚያ በላይ ላለውም ቢሆን ብቻውን በሌሊት ከሚጫወተው ይልቅ በሳሎን ቢጫወተው እንመርጣለን። በማታ ሁለት ሰዓት ቢፈቀድለት አርባው ሰዓት በሃያ ማታ ያልቃል፤ በፈተና ወራት ሳይሆን በክረምት ዕረፍት መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ የመጡ የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። የኤስቶንያ ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት «ዲስኮ ኢሊዚየም» ጦርነቱን ጨርሶ ትቶ ንግግርን ብቻ አስቀርቷል፤ ስለዚህ ከላይ ያማረርንበትን ሁሉ ሌሎችም አማርረውበት እንደ ነበር እንገምታለን። ከአፍሪካ ደግሞ በካሜሩን፣ በያውንዴ ከተማ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «አውሪዮን»ን አውጥቷል፤ በሠርጉና በንግሡ ቀን ዙፋኑን የተነጠቀ የኤንዞ የተባለ ልዑልና የሚስቱ የኤሪን ታሪክ ነው። በዚህኛው ባልና ሚስት አብረው መሰደዳቸውና አብረው መምከራቸው ለቤተ ሰብ ገጽ የተገባ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ስሙን ከራሱ ከቅኔ የወሰደ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት አለ፤ «ኩኩሉ» የተባለውን ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። ጨዋታው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን የምትሮጥ ዶሮ እንጂ የምትናገር ዶሮ አይደለችም።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ሲያሳትሙ የአገሩ ተረት ከአፍ ወደ ወረቀት እንዲሻገር አደረጉ። ዛሬ የቢቸናና የሞጣ ወጣት ሌሊቱን የሚያነጋበት ተረት በካሊፎርኒያ የተጻፈ ነው። ተረቱ መልካም ነው፤ አንቀናበትም። ነገር ግን የደም ካሣን፣ የቅኔ ቤትን፣ የሰምና ወርቅን ነገር ከሌላ ሰው ልብ ወለድ መልሰን መማራችን የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከነጻነት በኋላ ቢቸናን የገዛው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታሪክ ብቻ እንኳ፣ አርበኝነቱ፣ ሹመቱና በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞቱ፣ ምን ያህል «እኔ ብሆን ምን እመርጥ ነበር?» የሚያሰኝ ጥያቄ አለበት! ይህን የሚጽፍ ብዕረኛ በዲማም በሞጣም አይጠፋም፤ የሚጐድለው ከኮምፒዩተር ዐዋቂው ጋር አንድ መደብ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ሥራውም ያለ ብዙ ሥዕል፣ በጽሕፈት ብቻ፣ በጥቂት ገንዘብ ሊጀመር ይችላል።

ለወዳጆቻችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ልጁን «ምን መለስህለት? ስለ ምንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሲያስረዳችሁ ከቆየ እያነበበ ነው፤ ያሸነፈውን ቍጥር ብቻ ከነገራችሁ ኮምፒዩተሩን አስዘጉት።

የቢቸናው ልጅ ጨዋታውን አሁን እንደ ገና ጀምሮታል። በዚህ ጊዜ ለጕልበት 9፣ ለጥንካሬ 9፣ ለቅልጥፍና 3 ነጥብ ሰጥቶ፣ ምን እንደሚዘጋበት ለማየት ፈልጎ ነው። አያቱ ግን «የደደብ ታሪክ አልሰማም፤ ያኛው ሲመለስ ጥሩኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገብተዋል።